ግማሽ ትምህርት

የኬንዳሪ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደልቅ፣
የዳሊማ ድምፅ ነው ከሱ በላይ የሚዘልቅ።
ከእሷና ከእኔ ክፍል መሃል ያለው ኮምፔንሳቶ
ሳል አያስቀር፣ ሳቅ አያስቀር፣ የማንኪያ ኳኳታም አያስቀር ከቶ።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት፣
እኔ የመድኃኒት ስም ስሸመድድ፣ አሥር ሲገባ፣ ሲወጣ አምስት፣
እሷ እዚያ ማዶ ታስተምራለች፣
ደሴት ላይ ካለ ልጅ ጋር ትሟገታለች።

«አይደለም ሳፍሪ። ተመለስ ከላይ።
ሦስት አራተኛና ሁለት አምስተኛ ይደመራሉ ወይ
ታህታቸው ሳይስማማ?»
ዝም።
«ቀስ በል። የሚያሯሩጠን የለም።»
ዝም።
«ጎበዝ... ጎበዝ... እ? እሱስ አይደለም።»

የሚደርሰኝ ግማሹ ነው፣ የእሷ ጥያቄ፤
መልሱ ጆሮዋ ውስጥ ይቀራል። እኔም ከመልሱ ርቄ
ልጁን በዝምታው ርዝመት መዘንኩት፤
«ይሄስ ጭንቅላቱ ድንጋይ ነው» ብዬ ደመደምኩት።
ሪስማ የምትባል አለች ደግሞ፤ አትናገርም፣ ትጽፋለች፤
ዳሊማም የጻፈችውን እንደ ዘመድ ደብዳቤ ጮክ ብላ ታነባለች።

ዳሊማ ብር የላትም። አንድ ኢንዶሚ ለሁለት ትከፍላለች፤
በተረፋት ሳንቲም ካርድ ትሞላለች።
የራሷ የምህንድስና ፈተና ነገ ቢሆን እንኳ፣
ከሦስት ሰዓት በፊት ደብተሯን አትነካ።
«ምን ይከፍሉሻል?» አልኳት አንድ ቀን፣ ልብስ ስናሰጣ።
«ጥያቄ» አለች። «አንዳንዱ ለእኔም አዲስ ሆኖ የመጣ።»

አንድ ማክሰኞ ትኩሳት ጣላት፤
በሁለት ብርድ ልብስ ውስጥ ብርድ አንቀጠቀጣት።
ስልኳን ዘረጋችልኝ። «ይጠብቃል፤ አታስቀሪው።
ዝም ሲል ግን፣ አደራ፣ አትቅደሚው።»

ከፈትኩት።
መጀመሪያ መዶሻ። ቀጥሎ ነፋስ።
ቀጥሎ ባሕሩ፣ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ሲፈስ።
በመጨረሻ ፊት፤ ግማሹን እሳት ያቀላው፣
ግማሹን ጨለማ የበላው።
አባቱ ካራ ቀጥቃጭ ነው። ኔትወርክ በዚያች ደሴት
ከወናፉ ጎን ብቻ ነው ያለው፣ አንድ ክንድ በማትሞላ መሬት።
ልጁ በቀኙ ወናፍ ይነፋል፤
በግራው በከሰል ይጽፋል፣
አሮጌ ቆርቆሮ ላይ።

ስለ ወናፉ ዳሊማ ነግራኝ አታውቅም።
እኔም ጠይቄ አላውቅም።

ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኩት፤ ሦስት አራተኛ፣ ሁለት አምስተኛ።
ዝም አለ። ፍሙ ደመቀ። መዶሻው ወረደ፣ መጀመሪያ፣ ሁለተኛ።
መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። አደራዋን አሰብኩ፤
የመዶሻውን ምት ቆጠርኩ።
ዘጠኝ።
አሥር።
አሥራ አንድ።

«ይቅርታ እህቴ» አለ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ።
«የጋለ ብረት አይጠብቅም፤ ክፍልፋይ ይጠብቃል።
ሃያ ሦስት ሃያኛ ነው። ከአንድ በሦስት ሃያኛ ያልፋል።»
ደግሞ ቆይቶ፦
«ሁለቱም ጎደሎ ነበሩ፤ ሲደመሩ ከሙሉ በለጡ።
ይሄ ሁሌ ይገርመኛል» አለ፣ ፍንጣሪዎች ከኋላው እየወጡ።

ዳሊማ ዳነች። ግድግዳው ወደ ቦታው ተመለሰ፤
ዝናቡም ከቆርቆሮው ጋር ጭቅጭቁን አደሰ።
«ታህቱን አየኸው?» ትላለች። ከዚያ ዝም።
ዝምታው ግን ባዶ አይደለም አሁን፤ እኔም
እስክሪብቶዬን አስቀምጬ እጠብቃለሁ፤
ዘጠኝ፣ አሥር እላለሁ።
ነገ ፈተና አለብኝ፤ ከመድኃኒቶቹ ስም አንዱም አልያዘኝ።
አሥራ አንድ...
«ጎበዝ!» ስትል፣ ከግድግዳው ወዲህ እኔን ደስ አለኝ።