ረጅም እጅጌ

ስሙን ያወጡለት አያቱ ናቸው፤
ገና አራስ ሳለሁ፣ ማንም ሳይነግራቸው፣
«አትንኩት» አሉት።
ጀግና እንዲወጣው ነበር፣ ማንም የማይደፍረው፤
ለካስ ስሙ ትእዛዝ ነው
ለእኔ ለወለድኩት፣ ፀጉሩን ለማበጥረው።

ቤታችን ሽምብጥ ነው፣ ከጣና ገባ ብሎ፣
አንድ ክፍል፣ ቆርቆሮው ዝናቡን ችሎ
የሚያዝያን ሐሩር ያልቻለ።
ከጀርባችን ሆቴል አለ።
መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ይነሳል፤
ለእናንተ ድምፅ ነው፤ ለእሱ ጥርስ ያወጣል፣
በጆሮው ይገባና አጥንቱን ይግጣል።
ይመስለኛል እንጂ እሱ መቼ ነገረኝ፣
ግንቡን በግንባሩ ሲመታ፣ ልይዘው ስል ሲነክሰኝ፣
ጣቶቹ ፀጉሬ ውስጥ ተቆልፈው ሲጎትተኝ።

አንድ ሌሊት አሰርኩት።
በነጠላዬ። ይኸው፣ ተናገርኩት።
ሲነጋ አንጓው ላይ የጥለቱ መስመር
ቀልቶ ታትሞ ነበር።
ያቺን ነጠላ ለብሼ ደጀ ሰላም አልሄድኩም፤
ቀድጄም አልጣልኳት፣ ለሰውም አልሰጠኋትም።

አከራያችን ወይዘሮ ጥሩዓለም «ጠበል ይጠመቅ» አሉኝ፣ ወሰድኩት፤
ቀዝቃዛው ውሃ ሲያርፍበት የዲያቆኑን እጅ ነከሰ፣ በዚያው መለስኩት።
ወንድሜ ስማቸው «ዱላ አልቀመሰም» አለ፣
ቋንቋ የሌለውን ልጅ በዱላ ሊያናግር የከጀለ።
ሰፈሩ ግን ክንዴን አይቶ ባሌን አማ።
እውነቱን ብናገር ልጄን ያስሩብኛል ብዬ ዝም አልኩ፤
እሱም ሐሜቱን ሰማ፣
እሱም ዝም አለ።

ስሙ ልንገረው ነው፣ የሚናገር ግን አይደለም።
ጀልባ ይጠግናል፤ ማታ ይመጣል፣
የተቧጨረ ፊቴን ያያል፣ ውሃ ያሞቃል፣ ምንም አይልም።
አንዴ ብቻ፣ የተደፋ ሽሮ ከግድግዳው እየጠረገ፣
«ነፋስ ሲነሳ አትቅዘፊ» አለኝ፣
«ታንኳ የሚገለበጠው ሰው ሲታገልበት ነው።»

ከዚያ ወዲህ አልቀዝፍም።
ቤቴ ብርጭቆ የለም፤ ኩባያው ሁሉ ላስቲክ።
የሸሚዙን ማርክ ከአንገቱ ሥር በምላጭ ፈታሁ።
ድምፄን ዝቅ፣ ዓይኔን ወደ መሬት፣
በሩን ሳልዘጋበት ጥግ ይዤ መቀመጥ ለመድኩ።
ከቅዳሜ ገበያም ወፍራም ሹራብ ገዛሁ፣ እጅጌው የሚረዝም፤
ሰው በላብ ሲጠመቅ እለብሰዋለሁ፤ ጥርሱ አያልፍም።

አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ትከሻው ትከሻዬን አለፈ።
«አሥራ ስምንት ሲሞላውስ?» የሚል ጥያቄ
ስንት ሌሊት ከባሌና ከእኔ መሀል አረፈ።

ባለፈው ሐሙስ መብራት ድርግም አለ።
ጄኔሬተሩ ገና ነው። ሰፈሩ ፀጥ እንዳለ፣
አትንኩት ከጥጉ ተነሳ፣
ሳጥኑን ከፈተ፣ ልብሱን በታተነ፣
ሹራቡን ጭኔ ላይ ጥሎ
ጆሮዎቹን በመዳፉ ከደነ።

«ልበሺ» አላለኝም። ቃል የለውም።

ለበስኩ። አንዱን እጅጌ፤ ሌላው እምቢ አለኝ፣
እጄ እየተንቀጠቀጠ።
ቆሞ ጠበቀኝ። ጥርሱን ነክሶ፣ እየላበው፣
እስክጨርስ ጠበቀኝ።

ከዚያ መጣ፤
ሞተሩም፣ እሱም።

ሲበርድለት ጣና ዳር ወረድን።
ይብራዎቹ ከዓሣ አጥማጆቹ ሥር ትርፍራፊ ይሻማሉ፤
እሱ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ተቀመጠ፣
ከእኔ አንድ ክንድ ርቆ።
ወትሮ ሁለት ነበር።

አልነካሁትም።

ዛሬ ሹራቡን አጥቤ ገመድ ላይ አሰጣሁ።
መብራት አለ። ልንገረው አልመጣም። ልጁ ተኝቷል።
ሰማዩ ግን አላማረኝም፤
በየመሀሉ ወጣ እያልኩ
እጅጌውን እዳስሳለሁ፣
ደርቆ እንደሁ።