ግማሽ ሰዓት

ከሌሊቱ ዐሥር ነው። ፉሚዬ ኪኒኗን ዋጠች፤
በአንድ ብርጭቆ ውሃ፣ በባዶ ሆዷ፣ ተቀመጠች።
ግማሽ ሰዓት እንግዲህ ሻይም ሾርባም አይቀመስ፤
እኔም አብሬያት እጾማለሁ፣ የሰዓቱ ዘንግ እስኪደርስ።

እስከዚያ ላውጋችሁ።

ኢዋዎ ነው ስሜ፤ ኮምቡ አጫጅ ነኝ፣ የኤሪሞ ሰው፤
እዚህ ነፋስ እንቅልፍ አያውቅም፤ ድንጋዩን ጭምር ነው የሚልሰው።
ሐምሌ ሲብት፣ ጎህ ሲቀድ፣ ጀልባ እናወጣለን፤
በረጅም መንጠቆ ከባሕሩ ወለል ቅጠል እንነቅላለን።
አርባ ዓመት እኔ ስነቅል እሷ ጠጠር ላይ ስታሰጣ፣
አንድ በአንድ ስትዘረጋ፣ ፀሐይ ሳትሸሽ፣ ዝናብ ሳይመጣ፤
እጇን የሚቀድም እጅ አልነበረም በመንደር፤
«ፉሚዬ ስታሰጣ ፀሐይም ትጣደፋለች» ይባል ነበር።

ካቻምና ግን ዘገየች።

መጀመሪያ እግሯ፣ ቀጥሎ እጇ፣ ቀጥሎ ቃሏ፤
ሻከረ ድምፅዋ፤ ሳትበላ አበጠ አካሏ።
ከማበጠሪያዋ ጥርስ ላይ ፀጉሯ ተጠምጥሞ አየሁ፤
«እርጅና ነው» አለች፤ እኔም ዝም ብዬ ሻዬን ጠጣሁ።
በነሐሴ፣ ጠጠሩ እግር ሲያቃጥል፣ ጎረቤት ሁሉ ሲያልበው፣
እሷ ሹራብ ደርባ ትንቀጠቀጣለች፤ ብርዱ ከውስጧ ነው።

አንድ ቀን ደመና መጣ። ኮምቡው ግማሹ አልተሰበሰበም፤
ፉሚዬ ጠጠሩ መሐል ተቀምጣለች፤ አልተነሣችም።
«ሰነፍሽ!» ብዬ ጮኽሁባት፣ መንደሩ እየሰማኝ፤
ቀና ብላ አየችኝ፤ ከመልሷ በፊት ዝናቡ ደረሰብኝ።
ኮምቡው ሻገተ፣ ተጣለ።
ያ ቃል ግን የትም አልተጣለም።

በጥቅምት ምራታችን ቺጉሳ ኦቢሂሮ ይዛት ሄደች፤
ሐኪሟ አንገቷን ዳበሰች፣ ደም ቀዳች፣ የልቧን ምት ሰማች።
በሳምንቱ ውጤቱ ሲነገር እኔም በሩ ሥር ቆሜያለሁ፦
«እሷ አልሰነፈችም፤ የሰነፈው የአንገቷ ዕጢ ነው።»
ታይሮይድ ይሉታል፤ ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ ይመስላል፤
እሱ ሲያንቀላፋ ልብም ሆድም አሳብም አብሮ ያሸልባል።

«ምን ትበያለሽ?» ስትባል ፉሚዬ ደረቷን ነፋች፦
«ኮምቡ! ጠዋት በሾርባ፣ ማታ በሾርባ፣ የተረፈውን እንደ ከረሜላ!» አለች።
«አዮዲን ሲጎድልም ሲበዛም ዕጢው ይደክማል፤
ለአንዳንድ ሰው» አለች ሐኪሟ፣ «ባሕርም ይበዛበታል።»

ያሳደገን፣ ልጅ ያስተማረልን፣ ጣራ ያለበሰን ቅጠል!
በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! መሣቅ ይሁን ማልቀስ፣ የቱ ይሻል?

ኪኒኗ ከሩዝ ፍሬ አትበልጥም፤ ግን ባለ ሕግ ናት፤
ሻይ አትወድም፣ ቶፉ አትወድም፤ ብረት ያለበት መድኃኒት ጠላቷ ናት።
ስድስት ሳምንት ጠበቅን፤ የተለወጠ ነገር አልታየኝም፤
ደሟ ተለካ፣ መጠኑ ተጨመረ፣ እንደገና ጥበቃ። ተአምር አልነበረም።
አንድ ጊዜ «ተሻለኝ» ብላ ተወችው፤ በወሩ ብርዱ ደረሰ፤
ማንም አልተቆጣት፤ ኪኒኑ ወደ ትራስጌዋ ተመለሰ።

ሾርባው አሁን በደረቅ ዓሣና በእንጉዳይ ይሠራል፤
የመጀመሪያ ቀን «አንድ ነገር ጎድሎታል» ልል ምላሴ ላይ ደርሶ ተመልሷል።
የጎደለው ባሕር ነው።
ዋጥኩት።

ማታ ማታ እስከ መብራት ማማው እንሄዳለን፤ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፤
ትናንት ዳገቱ መሐል «ሰነፍክ!» አለችኝ፣ ዞር ብላ።
ሁለት ዓመት ሙሉ ይዛው ኖራ!
ከሣቄ ብዛት ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ይኸው፣ ሰዓቱ ደረሰ፤ ማንቆርቆሪያው ያፏጫል፤
ሰማዩ ዛሬ ጥሩ ነው፤ ጠጠሩ ይጠብቀናል።
ፉሚዬ ሹራቧን ሚስማሩ ላይ ትታ ወጣች።
አይ፣ ተመለሰች፤
«ለማንኛውም» ብላ ያዘችው።