ባዶው ጉድጓድ

ከጉሮሮ በታች፣ ከልብ ትንሽ ከፍ ብሎ፣
በስስ ሽፋን ላይ ተኝቷል፣ የሩዝ ፍሬ አክሎ።
ዕጢ ነው ይሉታል፤ ለዓይን የማይሞላ፤
ከሆድ ዕቃ ጋራ ወጥቶ ድመት የሚበላ።

አማቴ ቶዋ ሃምሳ መኸር ሳልሞን ስትሰነጥቅ፣
ይህን ዕጢ ስንቴ ጣለች! ማን ነግሯት ልትጠነቀቅ?
በሆካይዶ ዳርቻ፣ ባሕሩ ብረት ሲመስል፣
ከወንዙ አፍ ቆማ፣ ቢላዋን በድንጋይ ስትስል፣
ሆድ ከፍታ እንቁላሉን፣ ያንን ቀይ ዶቃ ስታፍስ፣
የቀረውን በቦቲዋ ገፍታ ወደ ውሃው ስትመልስ።

ዛሬ ጀርባዋ ጎብጧል። ሐኪሙ ፎቶውን አይቶ
«አጥንትሽ ወንፊት ሆኗል» አላት፣ ነጥብ በነጥብ ነክቶ።
መርፌ አዘዘላት። ብልቃጡ ላይ ስሙን አነበብኩት፤
ካልሲቶኒን፣ የሳልሞን። ዓይኔን ጠርጌ ደግሜ አየሁት።
ስነግራት ሳቀች፤ ሳቁ ወገቧን እስኪያማት።
«እኔ የጣልኩትን መልሰው ሸጡልኝ?» አለች።
«አይ፣ በፋብሪካ ነው የሚሠራው፤ ቃሉን ብቻ ነው ከዓሣ የቀዱት» አልኳት።

እኔ ከጣቢያው ምድር ቤት፣ ጓንቴን አጥልቄ፣
ከአሥራ ሁለት ሴት ዓሦች ሥጋ ቆንጥሬ አድቅቄ፣
ጉበት፣ ኩላሊት፣ አንጀት፣ አንጎል፣ ስንጥብ፣ ጡንቻ፣
ቅርፊትም ጨምሬ፣ ያን ዕጢ ለብቻ፣
በበረዶ ላይ ደረደርኳቸው።
ጥያቄው አንድ ነው። ጂኑ በሁሉም ቤት ተጽፏል፤
የትኛው ሥጋ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበዋል? የትኛውስ ገጹን ያልፋል?

ሴቷ ሳልሞን ከባሕር ወደ ወንዝ ከገባች አትበላም።
እንቁላሏን የምትሠራው ከገዛ ቅርፊቷ ፍቃ፣
ከአጥንቷ ተበድራ ነው፣ እንደማትመልሰው አውቃ።
ያኔ ነው ዕጢው «በቃ» የሚላት፣ «ይህን ያህሉን ተዪው፤
ጋሻሽን አትጨርሺ፤ ለመድረሻሽ አቆዪው።»
እንዲህ ይላሉ። እኔ ግን ሲል ሰምቼው አላውቅም፤
የምሰማው ማሽኑን ነው፣ ሌሊቱን ሲያጉረመርም።

አርባ ጊዜ ሞቀ፣ አርባ ጊዜ በረደ፤
አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እያለ ብርሃን ወለደ።
ዕጢው በአሥራ ዘጠነኛው ዙር ጮኸ፤ ይጠበቃል።
ጉበት ዝም። አንጀት ዝም። ከጡንቻስ ድንጋይ ይሻላል።
አንጎል በሠላሳ አንድ፣ ከግድግዳ ማዶ እንደሚሰማ ሳል፤
ስንጥቡ በሠላሳ ስድስት፤ ክር አክሎ፣ ቀጥኖ፣ የመጣ ይመስላል።

ስንጥብ ይናገራል!
ከወንበሬ ተነሣሁ። ተቀመጥኩ። ሰዓቱ ለስልክ አይሆንም ነበር።
ደግሞስ ለማን ነው የምደውለው? ለቶዋ?

ከዚያ ባዶውን ጉድጓድ አየሁ።
ውሃ ብቻ ያንጠባጠብኩበት፣ አንዳች ዓሣ የሌለበት፣
እሱም በርቷል። በሠላሳ ሰባት። ማንም ሳይኖርበት።

ያ የእኔ እጅ ነው። ሳልቀይረው የቀረሁት ጓንት፣
ወይ በቧንቧው ጫፍ የተረሳች፣ ከዕጢው የመጣች ጠብታ አንድ ናት።
ሙነሂሳ ጠዋት መጣ፤ ኮቱን ሳያወልቅ አየው።
«ውሃ ከተናገረ» አለ፣ «የሌላው ምስክርነት ምኑ ነው?»
ሳይቆጣ ነው ያለው። ቢቆጣ በተሻለኝ።
የአሥራ ሁለት ዓሣ ሥራ በቢጫ ከረጢት ተጣለ።

ማታ አሥራ ሦስተኛዋን ዓሣ ይዤ ቤት ገባሁ፤
በሳህን ላይ ከፈትኳት፤ መነጽሬን አደረግሁ፤
ከልብ በላይ፣ ከጉሮሮ በታች፣ በመቆንጠጫ እየፈለግሁ
ስርበተበት፣ ቶዋ ጎብጣ መጥታ ከጎኔ ቆመች።
አውራ ጣቷን ሰደደች። ሳታይ። አንዴ ብቻ ዳበሰች።
«ይቺን ነው? ይቺማ ቢላዬን የምታንሸራትተው ናት!
ሃምሳ ዓመት ተሳድቤባታለሁ፤ ስም ግን አላወጣሁላት።»

ስሟን ነገርኳት። ሁለት ጊዜ ሞከረችው፤ አፏ ላይ ተሰበረ።
በጥፍሯ ጫፍ ይዛ፣ ወደ አምፖሉ አንሥታ አየቻት፤
እጇ ግን የለመደውን አልረሳም ነበረ፤
«ተዪ!» ሳልላት፣ በር ላይ ለቆመችው ድመት ወረወረቻት።