ባለ ሦስት ቋጠሮ ክር

እዚህ ጎቢ ምድር፣ ብርዱ ሲጠና ኅዳር፣
ባትሪ ከሰው ጋራ ነው የሚያድር።
ሲመሽ እፈታዋለሁ፣ አቅፌ አስገባዋለሁ፣
ከታመመች ግልገል ጎን፣ ምድጃው ዳር አስተኛዋለሁ።
አምስት ብርድ ሙሉ እንዲህ አሞላቅቄ ያሳደግሁት፣
በስድስተኛው፣ አንድ ጧት፣ አብጦ አገኘሁት።
ጎኑ ተነፍቶ እንደ ተቆጣ ሰው ጉንጭ፣
ቁልፉን ባዞርሁ ጊዜ ሞተሯ ጭጭ።
መብራቷን አየሁት፤ የደከመ ዓይን፣
የሚያይ የሚመስል፣ የማያሳይ ብርሃን።

ሚስቴ ዱልማ ቀይ የሱፍ ክር ከሣጥኗ መዘዘች፣
ኮርቻውን አንሥታ የባትሪውን ጎጆ ለካች።
አንዱን ቋጠሮ ለርዝመት፣ አንዱን ለወርድ፣
ሦስተኛውን ለቁመት፤ "እንዳትረሳው" አለች፣ "ስትሄድ።
አሥራ ሁለት ቮልት በል። ቀዩ ሽቦ አጭር ነው፣ ወደ ቀኝ አይደርስም፤
ፖዘቲቩ በግራ ካልሆነ፣ ለእኛ ባትሪ አይባልም።"

እኔ ምን አልኋት? "ሃያ ዓመት የነዳሁ ሰው
በክር ነው እንዴ ባትሪ የምለካው?"
ክሩን ምሶሶው ላይ አንጠልጥዬ ወጣሁ፣
በጎምቦ ፈረስ ቀኑን ሙሉ ሄድሁ።

በባንዲ ሱቅ መደርደሪያ ተኮልኩለዋል፤
አንዱ ስድስት ቮልት ነው፣ አንዱ የጭነት መኪና ይጎትታል፣
አንዱ አቧራ ለብሷል፤ መቼ እንደ ተሠራ ሰማይ ያውቃል።
"ትልቁን ስጠኝ" አልሁ፤ ትልቅ መቼም ትልቅ ነው፤
አሥራ አራት አምፔር! ለሁለት ሞተር የሚበቃው።
የሙክት ዋጋ ከፈልሁ፣ መልስም አልጠየቅሁ፣
እንደ ሠርገኛ ሽቅርቅር ብዬ ተመለስሁ።

ቤት ደርሼ ኮርቻውን አንሥቼ ሳስቀምጠው፣
ባትሪው በሁለት ጣት ከጎጆው በላይ ነው።
ገፋሁት፣ አጋደምሁት፣ በጉልበቴ ተጫንሁት፤
ቀዩም ሽቦ ቢንጠራራ፣ ቢንጠራራ፣ አልደረሰበት።

ዱልማ ምንም አላለች።
ከምሶሶው ላይ ክሩን አወረደች፣
በባትሪው ጀርባ ላይ በቀስታ አስተኛች፤
ከዚያ ሾርባዋን ማማሰል ቀጠለች።
ከስድብ የሚከብድ ዝምታ እንዳለ ያን ማታ አወቅሁ።
ሾርባው ጨው አልነበረውም፤ ጨው አልጠየቅሁ።

በሦስተኛው ቀን የከሰል መኪና አሳፈረኝ፤
ባትሪው ጭኔ ላይ፣ ክሩ አንገቴ ላይ፤ ባንዲ ከሩቅ ሳቀብኝ።
"ሚስትህ ናት የላከችህ?" "ክሩ ነው" አልሁት፤
አንድ በአንድ፣ በየባትሪው ጎን፣ ክሩን ዘረጋሁት።
ትልቁን ተቀበለኝ፣ አኩርፎ፣ ዋጋውን ቀንሶ፤
ትንሹን አወጣልኝ፣ ከታች፣ ከካርቶን ውስጥ ዳብሶ።
ርዝመቱ ልክ። ወርዱ ልክ። ቁመቱ ልክ። ፖዘቲቩ በግራ።
አሲዱ ለብቻው፣ በስድስት ጡጦ፣ "ቀስ በል" ከሚል አደራ ጋራ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይህን ግን ማን ይለቅማል?
የፈሰሰ አሲድ የሚለቅመውን ጣት ይለቅማል።
ስለዚህ ደጅ ወጥተን፣ ለነፋሱ ጀርባ ሰጥተን ቀዳነው፤
ተንፈቀፈቀ፣ ሞቀ፣ አጉረመረመ፤ እስኪረጋ ጠበቅነው፤
ከዚያ ከጣሪያው ሶላር፣ ጠብታ በጠብታ፣ ቀኑን ሙሉ አጠጣነው።

ሲታሰር ቀዩ ይቀድማል፤ ጥቁሩ መጨረሻ፤
ሲፈታ ጥቁሩ ይቀድማል፤ ይህን የረሳ ብልጭታ ነው መካሻው፣ የእሳት ጉርሻ።
ዳዶው ከደነዘዘ ጣቴ አምልጦ አሸዋ ውስጥ ገባ፤
ዱልማ ጓንቷን በጥርሷ አውልቃ፣ ፈልጋ፣
እፍ ብላ ሰጠችኝ፣ እንደ ወደቀ ወለባ።
የበግ ላት ስብ ቀባች ሁለቱን ራስ፣ "ዝገት እንዳይበላው" ብላ።
ቀበቶው ታሰረ። ኮርቻው ገጠመ። የቀረ የለም ሌላ።

ቁልፉን እኔ አላዞርሁም።
እሷ ወጣችና ተቀመጠች፤
ሞተሯ አንዴ አጉረመረመች፣ አንዴ አሳለች፣
ከዚያ ተነሣች።
"ግመሎቹን አይቼ ልምጣ" አለችና ሄደች።
እኔ ያበጠውን አሮጌ ባትሪ ታቅፌ ከደጅ ቀረሁ፤
ባንዲ በእርሳሱ ፋንታ ዱቄት ይሰጣል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ማታ ተመልሳ፣ ሳልነግራት፣ ባትሪውን ፈታች፣
ጥቁሩን አስቀድማ፤ ከግልገሏ ጎን አስተኛች።
ክሩ ምሶሶው ላይ ነበር፣ በሦስት ቋጠሮው።
"ጨው" አልኋት፣ "ዛሬ ትንሽ ጨው።"
ጨመረች።