የማማሰያው እድፍ

ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት፤ ሳስካቱን፣ የጥር ሌሊት፣
ከድልድዩ ሥር ወንዙ ደንድኖ መኪና የሚያስኬድ መሬት።
እኔ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከጭስ መምጠጫው መስታወት ኋላ፣
ብልቃጥ ላይ አጎንብሻለሁ፣ የቀዘቀዘ ምሳዬን ሳልበላ።

ሁለት ነጭ ዱቄት ነበሩኝ፤ አንዱ ብሮሚን፣ አንዱ ቦሮን የተሸከመ፣
ዓመት ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ አንዱ ሌላውን ያልሳመ።
ካርቦን ለካርቦን ሲዳር ሽማግሌ ይላካል፤ የቆየ ወግ ነው፤
ፓላዲየም ይገባል፣ ያስማማል፣ እንደገባ ይወጣል፤ ጥሎሽ የማይቀበል ሰው።

የኔዎቹ ግን ያለ ሽማግሌ ተጋቡ። ዘጠና አንድ በመቶ ምርት!
ሦስቴ ደገምኩት፣ ሦስቴ ሰመረ።
ፕሮፌሰር ሃልቮርሰን ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ቆመው አዩት፤
«ርዕሱን ‹ያለ ብረት› በይው» አሉኝ።
                              ጻፍኩት።

ሰኞ አራተኛው ሙከራ። ለወጉ ያህል ብዬ
አዲስ ብልቃጥ፣ አዲስ ማግኔት ማማሰያ ከከረጢቱ ነጥዬ፣
አርጎን ሞላሁ፣ ዘይቱን ሰማንያ አደረስኩት፣
ስድስት ሰዓት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ጠበቅኩት።
ምንም።
በወይንጠጁ መብራት፣ ስሷ ሰሌዳ ላይ፣ ሁለቱ ነጠብጣቦች ተለያይተው ቆመዋል፣
በድንበር እንደ ተጣሉ ጎረቤቶች ሰላምታ ተነፋፍገዋል።

ማክሰኞ ጨው ለወጥኩ። ረቡዕ ፈሳሹን። ሐሙስ ራሴን ሰደብኩ።
ከዚያ የመሳቢያውን ጥግ፣ ያቺን አሮጌ ማማሰያ አስታወስኩ፦
የሩዝ ፍሬ የምታክል፣ ጫፏ በግራጫ እድፍ የተበላ፣
አሲድ ያልነቀለው፣ ብሩሽ ያልፈታው፤
ሦስቱንም ጊዜ ያማሰልኩት በሷ ነው እንጂ አልነበረም በሌላ።

ጣልኳት። በሃያ ደቂቃ ፈሳሹ ገረጣ፣ ከዚያም ጠቆረ፤
ሦስተኛዋ ነጠብጣብ ሰሌዳው መሃል በራች፤ ሠርጉ ተጀመረ።
በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ» እንዳለችው ሁሉ፣
ጽሑፌም አባቱን ሳይጠራ ቀርቷል፣ አሥራ አንዱን ገጽ ሙሉ።

መሳቢያው ላይ፣ በደበዘዘ ቀለም፣ «ኦዴት ላ.» ይላል።
አላውቃትም። ደብተሯ ብቻ መደርደሪያው ላይ ቀርቷል።
አራት ዓመት በፓላዲየም ደክማ፣ ዲግሪዋን ሳትይዝ የሄደች፣
መሰናበቻ ኬክ እንኳ ያልተቆረሰላት፤
ዛሬ ፕሪንስ አልበርት፣ ውሃ ማጣሪያ ውስጥ፣ ክሎሪን ትለካለች አሉ።
ገጽ መቶ አርባ ላይ እንዲህ ጽፋለች፦
«አልሠራም። ነገ እንደገና።»
ገጽ መቶ አርባ አንድም እንዲሁ።

ሠርቶልሻል፣ ኦዴት። ዘግይቶ፣ በሰው እጅ፣ በሰው ብልቃጥ፤
ሚዛን የማይሰማው ትቢያሽ፣ ከፕላስቲኩ ስንጥቅ ተደብቆ፣
ሁለት ባዳ ሲያስታርቅ፣ ሲድር፣ ከርሟል እኔ ሳልገምት።

ዓርብ ማለዳ ከርዕሱ ሁለት ቃል ሰረዝኩ።
በምስጋናው ቦታ አንድ ስም ጻፍኩ፤ ጠፋሁት፤
ወደ ላይ፣ ከስሜ ጎን አመጣሁት።
የበሩ መቆለፊያ ተንቋቋ። በረዶ የለበሰ ቆብ፣ የጨሰ መነጽር፤ ፕሮፌሰሩ።
«ይቀመጡ» አልኳቸው፣ «ካፖርትዎንም ያውልቁ።
ረዘም ይላል ነገሩ።»