አዘዞ ሜዳ ዳር

ሃያ ሁለት ዓመት በወፍጮ ቤት ኖሬ፣
ሰው በጩኸት እንጂ አይሰማም ነገሬ፤
ቅዳሜ ወፍጮውን ዘጋሁ ስለ ልጄ፣
ዱቄት ሳላራግፍ በባጃጅ ወርጄ፣
አዘዞ ሜዳ ዳር፣ ከመስመሩ ጥግ ላይ፣
ቆምኩኝ እጄን ይዤ፣ ማስተዋልን ላይ።

አሥራ ሦስት ዓመቷ፣ ሸንበቆ ነው እግሯ፤
ኳስ ስታይ ግን ነብር ይሆናል ነገሯ።
ኳሱ ክብ አይደለም፤ እንቁላል ይመስላል፤
መሬት ሲነካማ እንዳሻው ይነጥራል።
«ራግቢ» ነው አሉኝ። ሕጉን አላወቅኩም፤
ባላውቅም ለመጮህ ወደ ኋላ አላልኩም።

«ያዢያት! ጣያት እንጂ! ምን ታያለሽ ቆመሽ!
ዳኛ! ዓይን የለህም?
ማስተዋል! በቀኝ ነው! በቀኝ አላልኩሽም?»

ዞር ብላ አየችኝ። ኳሱ አልፏት ሄደ፤
ከጉልበቷ ቀድሞ ፊቷ ተናደ።

ማራኪ እስክንደርስ ባጃጁ ብቻ ነው ያወራው።
ከካልሲዋ ላይ የደረቀ ጭቃ እየፈቀፈቀች፣
«አባ» አለች ልጄ፣
«ሜዳ ውስጥ ስገባ ወፍጮው ይሰማኛል።
እኔ'ኮ እህል አይደለሁም።»

ማታ እናቷ ማልያዋን ስታሽ ከገንዳ ላይ፣
«ጭቃስ ይለቃል» አለች፣ ወደ እኔ ሳታይ።
ሌሊቱን ቆፈረኝ ቃሏ እንደ ነቀዝ፤
አዘዞ የሄድኩት ለማየት ነው ለማዘዝ?

በሳምንቱ ቀደምኩ። አሰልጣኟን፣ የሽሐረግን፣
የሜዳውን ምልክት ስትደረድር አግኝቼ፣
«ሕጉ ምንድን ነው?» አልኳት፣ ቆቤን አውልቄ።
ሳቀች። «ጋሽ አዛናው፣
ሯጭ ወደ ፊት ነው፤ ኳሱ ወደ ኋላ።
የምታቀብለው ከኋላዋ ላለች ነው።
ከፊቷ የቆመ ሰው አይቀበላትም፤
መንገድ ይዘጋባታል እንጂ።»

ለካስ እኔ ነኝ ከፊቷ የቆምኩት።

ከዚያ ወዲህ ብርቱካን እልጣለሁ፣ ውኃ እይዛለሁ፤
ለወደቀች ሁሉ፣ ለጠዳም ልጅ ቢሆን፣ አጨበጭባለሁ፤
«ስንት ለስንት?» ትቼ «ደስ አለሽ?» እላለሁ።
(አንዳንዴ ምላሴን ነክሼ ነው። አልዋሽም።)

አንድ ቀን ብቻ ነው አዘዞ ላይ ያዘዝኩት፦
ራሷን ተመትታ ዓይኗ ሲንከራተት፣
«ደህና ነኝ፣ ልግባ» አለች። «አይሆንም» አልኳት።
አለቀሰች። ቡድኗ ተሸነፈ።
ሐኪም ቤት ወረፋ ይዘን አመሸን፤
ሳታናግረኝ ትከሻዬ ላይ ተኛች።
ያን ትዕዛዝ አልጸጸትበትም።

ዛሬም እየተሸነፉ ነው።
ከጎኔ አንድ አባት፣ የአንገቱ ሥር ተገትሮ፣
ልጁን ይሰድባል። አውቀዋለሁ ያን ጉሮሮ።
ምን ልበለው? ግማሽ ብርቱካን ዘረጋሁለት።
አፉ ሞላ። ለጥቂት ደቂቃ
የሜዳው ድምፅ ብቻ ቀረ፦ የልጆቹ ትንፋሽ፣ ጫማ የሚስመው ጭቃ፤
ማስተዋል ወደ ኋላ ዞራ ስታቀብል
እኔን አላየችም።
እሰየው።