ድልድዩ ሲነሳ

ዱሉዝ ላይ ድልድዩ ለመርከብ ሲነሳ፣
ሰው ሁሉ ይወርዳል ፎቶግራፍ ሊያነሳ፤
እኔ ግን የማየው ያቺን መርፌ ብቻ፣
ወደ ቀይ መስመሩ ስትወጣ ለዘመቻ።
ቶይቮ ያፏጫል፣ እንዳላየ ሆኖ፣
የትራያምፋችን አፍንጫ በእንፋሎት ተሸፍኖ።
«ማሞቂያውን ክፈቺው» ይለኛል ዞር ብሎ፣
በሐምሌ ፀሐይ ላይ ሌላ ፀሐይ አክሎ።
ሞተሩ እንዲበርድ እግሬ ይጠበሳል፤
ይህ ነው ሕክምናው፣ አንዱን ገድሎ አንዱን ያነሳል።

ሃያ ሁለት ዓመት።

ቴርሞስታቱን ነቅሎ፣ በሾርባ ድስቴ ከቶ፣
ሲከፈት ሲዘጋ ቆሞ ተመልክቶ፣
ራዲያተሩን አወጣ፣ አሳጠበ፣ አስበየደ፣
ለአንዲት የውሃ ፓምፕ እስከ ተንደር ቤይ ሄደ።
ከሞተሩ ሆድ ውስጥ ዝገት በሽቦ ፋቀ፣
ቀይ ጭቃ ወጣለት፤ ተስፋውም ደመቀ።
ከዚያ ድልድዩ ተነሳ።
መርፌዋም ተነሳ።

እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ የሆስፒታል አንሶላ ነበር የማጥበው፣
የማድረቂያውን ትንፋሽ በመሐረብ ነው የምለየው።
ባለፈው ማክሰኞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣
ቬንትሌተሩ ከፍርግርጉ ኋላ ሲያጓራ፣
የገበያ ደረሰኝ ከኪሴ አውጥቼ ከፊቱ አስጠጋሁ።
አየር ወደ ውስጥ የሚስብ ከሆነ
ወረቀቷ ልትለጠፍ ይገባ ነበር።
በረረች።
የድንች፣ የቅቤ፣ የሳሙና ዋጋ
ከጎረቤት አጥር ላይ ሄዶ ተዘረጋ።

«ቶይቮ» አልኩት፣ «ይኼ ነገር እኮ ወደ ውጭ ነው የሚተነፍሰው።»

ዝም አለ። ተንበረከከ። ሽቦውን በጣቱ ተከተለው።
ያን ጊዜ እንግሊዞቹ የሠሩት መኪና
ፖዘቲቭ ነው አካሉ፤ ግልብጥ ነውና፣
እንደ ለመድነው ጥቁሩን ከቦዲ ያሰረ እንደሆነ
ቬንትሌተሩ ይዞራል፤ ዞሮም ባላንጣ ሆነ።
ያሰረው ደግሞ ሌላ አይደለም፣
ራሱ ነው፣ በገዛ እጁ፣ መኪናዋን በገዛ ሳምንት፣
ከአሮጌ መኪና መጣያ ባመጣው ቬንትሌተር።
ከዚያ ወዲህ የጠገነው ሁሉ
ጥገናውን ነበር።

ሁለት ሽቦ አቀያየረ። አምስት ደቂቃ።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ እና አምስት ደቂቃ።
አልሳቅሁም።
(እራት ላይ ግን ሾርባው ከአፌ ፈነዳ።)

ትናንት ድልድዩ ተነሳ።
ማዕድን የጫነ መርከብ ነው፣ ጭራው አያልቅም።
መርፌዋ መሃል ላይ ተኝታለች፣ እንደ ጠገበች ድመት።
ቶይቮ አያፏጭም። መሪውን ይዞ ውሃውን ያያል።
«ምን ሆንክ?»
«ምንም። ቅዳሜ ምን እንደምሠራ እያሰብኩ ነው።»
የዚህ ሐይቅ ነፋስ በሐምሌም አይምርም።
እጄን ሰደድኩና፣ ሳልታዘዝ፣
ማሞቂያውን ከፈትኩ።